እሳት የማይበላው ወረቀት

በወር አንድ እሁድ፣ ከከተማው ዳርቻ ባለው ገላጣ ሜዳ ላይ ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ ይሆናሉ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ሱሪው አፈር እስኪለብስ ተንበርክኮ በካርቶን ቱቦ ላይ ክንፍ ይለጥፋል። የጥርስ ሐኪሙ ክንድ የምታክል ሮኬቱን አቅፎ፣ ሣር እየበጠሰ ወደ ላይ እየበተነ የነፋሱን አቅጣጫ ያያል። ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር ደግሞ ድምፅ ማጉያቸውን ይዘው ከአሥር ወደ አንድ ይቆጥራሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ወደ ላይ ሲያስቆጥሩ ኖረው በስተርጅና ወደ ታች መቁጠር ስለጀመሩ የሮኬት ክበቡ ሰዎች «ቆጣሪው» ብለዋቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል።

በዚህ ሁሉ ሰው መሀል የራሷ ሮኬት የሌላት ልብስ ሰፊዋ ብቻ ነበረች። የእሷ ሥራ ጃንጥላ ነው። ከስስ ጨርቅ ትሪ የሚያክል ክብ ትቆርጣለች፣ ጠርዙን ትቀመቅማለች፣ ስምንት ክር ትተክልበታለች። ሜዳው ላይ ደግሞ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ጃንጥላውን አጣጥፋ በሮኬቱ ሆድ የምትከተው እሷው ናት። ነገሩ ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። ሮኬቱ ጫፍ ደርሶ ቁልቁል ሊል ሲል፣ በሆዱ ያለች ቁንጥር ባሩድ ፈንድታ ሹል አፍንጫውን ትገፋዋለች፤ ያኔ ጃንጥላው ወጥቶ ይዘረጋል። ታዲያ ያቺው ባሩድ ጃንጥላውን እንዳትበላው በመሀላቸው አንድ ነገር መግባት አለበት። እሱም መድኃኒት የተነከረ ስስ ወረቀት ነው። እሳት አይበላውም። ይጨመደድና ከጃንጥላው ሥር ይጠቀጠቃል፤ እሳቱን እሱ ይቀበልና ጃንጥላው ይድናል። በክበቡ ቋንቋ «የእሳት ወረቀት» ይባላል።

ወደዚህ ሜዳ ያመጧት አባቷ ናቸው። አባቷ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ የአንዲት ዶክተር ሹፌር ናቸው፤ የልጃቸውን የስፌት መኪና የገዙላት እንኳ ዶክተሯ ናቸው። የዶክተሯ አንድ ልጅ፣ መሐንዲሱ፣ የሮኬቱ ጃንጥላ ተቀዶበት ሲጨነቅ ያዩት አባት «ልጄ መርፌ ትይዛለች» ብለው ይዘዋት መጡ። ይህ ከሆነ አራት ዓመት ሊሆነው ነው።

የዚያን ቀን መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ ሽቦ ሲያያይዝ ዞር ሳይል «ቁልፉን ያዢልኝ» አላት። ለልብስ ሰፊ ቁልፍ አንድ ነገር ነው። ሸሚዙን አየች፤ እውነትም ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ የለም። ሣሩ ላይ ተንበርክካ ትፈልግ ጀመር። እሱ ቀና ሲል በአራት እግሯ ሣር ስትበረብር አገኛት።

«ምን ጠፋብሽ?»

«የእርስዎ ቁልፍ ነዋ።»

«ቁልፉማ ይኸው።» ከማስወንጨፊያው ሳጥን ላይ የነቀላትን ትንሽ የብረት ቁልፍ አሳያት። ይህቺ ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ካልገባች አንድም ሮኬት አይነሳም። ስለዚህ ሮኬቱ አጠገብ የሚሠራ ሰው ቁልፏን ነቅሎ ይይዛል፣ ወይም ለሚያምነው ሰው ይሰጣል። የክበቡ ሕግ ነው።

«እኔ ደግሞ የሸሚዝዎን ነው የምፈልገው» አለች በእፍረት። ደረቱን አየ፤ ከዚያ ሁለቱም እስኪያለቅሱ ሳቁ።

በሳምንቱ ያንኑ ሸሚዝ ይዞ ሱቋ መጣ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሸሚዝ፣ በሚቀጥለውም ሌላ። ጎረቤቷ ፀጉር ሠሪ «ይሄ ልጅ ቁልፍ ይበላል እንዴ?» አለች። በአራተኛው ሸሚዝ ክሩ በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ሰፊዋ አየች፤ አየችና መልሳ ሰፋችው። ከዚያ ቀን ወዲህ «እርስዎ» ለሰው ፊት ብቻ ሆነ። ለብቻቸው ሲሆኑ «አንተ» ነው።

ሦስት ዓመት እንዲሁ በዓይንና በቁልፍ አለፈ። እሱ ሮኬቱን ሲሰጣት ጣቱ ከጣቷ ላይ ትንሽ ይዘገያል፤ እሷ ጃንጥላውን ስታጥፍ እንደሚያያት እያወቀች ቀና አትልም። የቀረው መናገር ብቻ ነበር። አባቷ ግን ማታ ማታ ጫማቸውን እያወለቁ «የበሉበትን ወጪት ሰባሪ እንዳንባል» የምትል ነገር ነበረቻቸው። ለማን እንደሚናገሩ አይታወቅም፤ እሷ ግን ታውቅ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት፣ ነፋስ በበዛበት አንድ እሁድ፣ የመሐንዲሱ ሰማያዊ ሮኬት በነፋስ ተገፍታ ከሜዳው ማዶ ባለው አሮጌ መጋዘን በተሰበረ መስኮት ገባች። መጋዘኑ በፍርድ ቤት ክርክር ታሽጎ ስለነበር ማንም ሊያወጣት አልቻለም። መሐንዲሱ እስክትጠልቅ ድረስ በአቅርቦ ማያ መነጽሩ ተከተላት። ከዚያ አቅርቦ ማያውን ማኅደሩ ውስጥ ከቶ፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይል መኪናው ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ወር አልመጣም፤ በሚቀጥለውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ክበቡ ሁሉ ካወቀ በኋላ ሰፊዋ ሰማች፤ ለአንዲት ፋርማሲስት፣ ለእናቱ ጓደኛ ልጅ፣ ቀለበት አስሯል።

ምን አጠፋሁ ብላ ብዙ አሰበች። ምንም አላገኘችም። የሀብታም ልጅ ፍቅር ቁልፉ እስኪሰፋለት ድረስ ነው ብላ ራሷን ሰደበች። ከዚያ ሆድ ይፍጀው አለችና ጃንጥላዋን መስፋት ቀጠለች።

ዛሬ መሐንዲሱ ከሠርጉ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ሮኬት ሊያስነሳ መጥቷል። ሠርጉ የፊታችን እሁድ ነው። እጮኛውም አብራው መጥታለች፤ ሜዳውን ስታየው የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ሰፊዋ ልትጠላት ተዘጋጅታ ነበር። ፋርማሲስቷ ግን ገና ከመኪና እንደወረደች በቀጥታ ወደ ጠረጴዛዋ መጣች።

«እህቴ፣ ፀሐይ ላይ ነሽ እኮ» አለችና የራሷን ባርኔጣ አውልቃ ሰጠቻት። «እኔ መኪናው ጥላ ሥር እሆናለሁ። በሞቴ እንዳትመልሺልኝ።»

እንዲህ ያለችን ሴት መጥላት ከባድ ነው። ሰፊዋ ባርኔጣውን አጠለቀችው።

ረፋዱ ላይ የመጋዘኑ ዘበኛ እያጉረመረመ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። በብብቱ አቧራ የጠጣች ሰማያዊ ሮኬት ይዟል።

«እናንተ ሮኬተኞች፣ ይኸው ጉዳችሁን ውሰዱ» አለ። «ክርክሩ አልቆ መጋዘኑ ተከፈተ። ባናቴ ላይ ወርዳ ቢሆን ኖሮ ማን ሊጠየቅ ነበር?» ላገኘው የመጀመሪያ ሰው፣ ማለትም ለሰፊዋ፣ ጠረጴዛው ላይ ጥሎላት ሄደ።

ሰፊዋ ገና ስታያት አወቀቻት። ጃንጥላውን አራገፈችው፤ ስፌቱ የራሷ ነው። አንድ ቦታ እንኳ አልተቃጠለም። ቱቦውን ልታጸዳ ጣቷን ብትከት የተጨማደደ የእሳት ወረቀት ወጣ። ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሀሉ ቡናማ ሆኗል። ልትጥለው ስትል በእርሳስ የተጻፈ ነገር ታያት። ጠረጴዛው ላይ አድርጋ በመዳፏ ዘረጋችው።

«ይህን ወረቀት የመረጥኩት እሳት አይበላውም ስለሚሉ ነው። ደግሞ እናቴ ኪሴን ብትፈትሽ እንኳ የሮኬት ወረቀት አትገልጥም። ፊትሽን ሳይ ቃል ይጠፋብኛል፣ ስለዚህ በጽሑፍ ልንገርሽ። እወድ» ይላል፤ ቀጥሎ ያለውን ባሩዱ አጥቁሮታል። ከታች ደግሞ፣ «አባትሽን ላነጋግራቸው እፈልጋለሁ፤ መጀመሪያ ግን አንቺን ልጠይቅ። እሺ ካልሽ መቀስሽ ላይ ያለውን ቀይ ጥብጣብ ጃንጥላዬ ላይ እሰሪልኝ። ሰማይ ላይ አየዋለሁ። ካላሰርሽው ገብቶኛል ማለት ነው። ሁለተኛ አልጠይቅሽም፣ አላስቸግርሽምም።»

የእሷ መቀስ እንዳይጠፋባት ሁልጊዜ ቀይ ጥብጣብ ይታሰርበታል። አሁንም እንደታሰረ ነበር።

ያ እሁድ አንድ በአንድ መጣባት። «አፍንጫውን ስትከፍቺ ቀስ ብለሽ» ብሏት ነበር፤ እሷ ለሮኬቱ የሳሳ መስሏት «እሺ፣ አልሰብርብህም» ብላ ሳቀችበት። ስትከፍተው አራት ላይ የታጠፈ የእሳት ወረቀት አገኘች። እሱ ሁልጊዜ ወረቀቱን አጥፎ አፍንጫው ውስጥ ያስቀምጥላታል፤ ልማዱ ነው። ቆጣሪው «ነፋሱ ሳይብስ ቶሎ በሉ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ሳትዘረጋው ጨመደደችው። ከጃንጥላው ሥር ጠቀጠቀችው። በራሷ አውራ ጣት፣ እስኪጠብቅ ድረስ።

የሚወዳት ሰው «እወድሻለሁ» ያለበትን ወረቀት ባሩድ ላይ አስቀምጣ አስነሳችው። እሱ ደግሞ አንገቱን አንጋጦ ጥብጣብ ሲፈልግ ነበር። ስምንት ወር ሙሉ የጠላችው ሰው እምቢ የተባለ ሰው ነበር። ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ልቅሶ ቢመጣ ደስ ባላት፤ አልመጣም።

የመሐንዲሱ የዛሬ ሮኬት ጠረጴዛው ላይ ተራ እየጠበቀች ነበር። እጇ ከራሷ በፊት ሠራ። ጥብጣቡን ከመቀሱ ፈታችው። ከጃንጥላው ክሮች ጋር ሦስት ጊዜ አሰረችው። አፍንጫው ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ስላልነበረ፣ ከፓኮው የቀረችውን የመጨረሻ የእሳት ወረቀት፣ ዛሬስ በሁለት በኩል ገልብጣ አይታ፣ ከሥር ከተተች። ጃንጥላውን አጠፈች፣ አስገባች፣ አፍንጫውን ዘጋች። የተጠየቀ ሰው መመለስ አለበት፤ ያኔ ያሰበችው ይህን ብቻ ነው። ደብዳቤውን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሱ መጣ። የማስወንጨፊያውን ቁልፍ በጣቱ ያዞራል።

«ደረሰ?»

«ተዘግቷል።»

ሮኬቷን አነሳ፤ ግን አልሄደም። ዓይኑ ሰማያዊዋ ላይ ቀረ። «ይቺ ያቺ ናት?»

«ዘበኛው አመጣት። መጋዘኑ ተከፈተ።»

ነጩን ጃንጥላ በሁለት ጣቱ አንስቶ አየው። «ምናልባት ሳላየው ቀርቼ ይሆናል እያልኩ ስንት ቀን አሰብኩ መሰለሽ» አለ። «የለበትም።»

ሰፊዋ ኪሷን በእጇ ሸፈነችው።

«ቂም የለኝም» አለ። «ይህን ልነግርሽ ነበር የምፈልገው። ጠየቅኩ፣ መልሴን አገኘሁ። አለቀ።»

«ለምን ፊት ለፊት አልጠየቅከኝም?» አለች።

«ፈራሁ። አይሆንም ስትይ ድምፅሽን መስማት ፈራሁ። ከሰማይ ይምጣብኝ አልኩ።»

«ፈሪ።»

«ፈሪ ነኝ። አላውቀውም መሰለሽ?»

ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ። «ሦስተኛው የማስነሻ ዘንግ፣ ሮኬት አለ ወይስ የለም? ነፋስ እኮ ዘመድ የለውም» አሉ ቆጣሪው።

መሐንዲሱ አንድ እርምጃ ቀረበ። «ሁለተኛ አልጠይቅሽም ብዬ ነበር፤ ቃሌን ላፈርስ ነው። መልስሽ አሁንም ያው ነው? አይደለም ካልሽኝ ይህን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ አላስገባውም። ኪሴ ከትቼው እዚያ እሄድና ለእሷም፣ ማታ ለእናቴም እናገራለሁ። አንድ ቃል በይኝ። አንድ ቃል ብቻ።»

ወረቀቱ በጣቶቿ ሥር ተንኮሻኮሸ። ማውጣት ብቻ ነበር የቀራት፤ ቃል እንኳ አያስፈልግም።

ቀና ስትል አባቷን አየች። መኪናው አጠገብ ቆመው የፊት መስተዋቱን ይወለውላሉ። ጠዋት ሲመጡ «ዶክተር የሙሽሮቹን መኪና ከአንተ በቀር ማንም አይነዳውም አሉኝ» እያሉ መንገዱን ሙሉ አውርተዋል። ልጃቸው እያየቻቸው መሆኑን ሲያዩ ጨርቁን ከፍ አድርገው እንደ ባንዲራ አውለበለቡላት። ከእሳቸው ወዲህ ፋርማሲስቷ ሳጥኑ ፊት ተንበርክካለች፤ የማስነሻውን አዝራር እሷ እንድትጫን ስለተፈቀደላት ጣቷን እያስጠጋች፣ እየፈራች፣ ለብቻዋ ትስቃለች። ባርኔጣዋ የሰፊዋ ራስ ላይ ነው።

ከዚያ መልሳ እሱን አየችው። አንድ ቃል ይጠብቃል። ያኔም ጥብጣብ ጠበቀ። የሚወዳት መሆኑን አሁን ያለ ጥርጥር ታውቃለች፤ እሷም ትወደዋለች፣ ነፍሷ እስክትወጣ። ግን ይህ ሰው ቁልፉን ኪሱ ከትቶ አልመጣም። በእጁ ይዞ ነው የመጣው። አባቷ ከመኪናው ቢወርዱ፣ ያቺ ልጅ ብታለቅስ፣ የዶክተሯ ቤት ቢናወጥ፣ የሹፌሩ ልጅ አንድ ቃል ብላ ነው ይባላል። ነገ ደግሞ ይፈራል። መፍራቱን ራሱ ነገራት።

«ቁልፉን ያስገቡት» አለች።

መሐንዲሱ ቃሉን ሰማ። ከመልሱ ይልቅ «ያስገቡት» ማለቷ ነበር የመታው። ከአራተኛው ሸሚዝ ወዲህ ለብቻቸው ሆነው «እርስዎ» ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ፊቱ መብራት እንደጠፋበት ቤት ሆነ። እንደ እንግዳ ሰው አንገቱን ትንሽ ሰብሮ፣ ሮኬቷን አቅፎ ሄደ።

እሱ ሮኬቷን ዘንጉ ላይ ሰክቶ ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ ሲያስገባ ነው ጥብጣቡ ትዝ ያላት።

ሁለት እርምጃ ተራመደች። ገመዱ ተዘርግቷል፤ ቁልፍ ከገባ በኋላ ከገመዱ ማንም አያልፍም። ከየትኛውም ሰው አፍ «ይቁም!» የሚል ቃል ከወጣ ግን ቆጠራው ይቆማል፤ ይህም ሕግ ነው። አፏን ከፈተች። ይቁም ብላ ምን ልትላቸው ነው? ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ቆጣሪው አሥር አሉ። ፋርማሲስቷ እንደ ልጅ ጮክ ብላ አብራቸው ቆጠረች፤ አባቷም ከመኪናው ሆነው ቆጠሩ። ሰፊዋ አፏ እንደተከፈተ ቆጠራው «አንድ» ላይ ደረሰ።

ሮኬቷ ፉጨት አሰምታ ወጣች፤ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ነጥብ ሆነች። ከላይ ፍንዳታዋ እንደ ጣት ማጮህ ተሰማ። ነጩ ጃንጥላ ተዘረጋ። ከሥሩ ቀዩ ጥብጣብ ከእጥፉ ተፈትቶ በነፋሱ ላይ ረዘመ፤ በባዶ ዓይን እንኳ ይታይ ነበር።

«ውይ፣ ቀይ ጥብጣብ!» አለች ፋርማሲስቷ እያጨበጨበች። «እንዴት ያምራል። ማነው ያሰበው?»

«ልጄ ናት» አሉ አባቷ ደረታቸውን ነፍተው። «የልጄ ሥራ ነው።»

መሐንዲሱ አቅርቦ ማያውን ከዓይኑ አላነሳም። ሮኬቷ ወርዳ ሣሩ ላይ ከተጋደመች በኋላም ባዶውን ሰማይ ያይ ነበር። በመጨረሻ ሲያወርደው ዞሮ መጀመሪያ ያየው እሷን ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ ነው። መቀሱ ባዶውን ነበር። ከዚያ ሰማያዊዋን ሮኬት አየ፤ ባዶ ቱቦዋን አየ፤ እሷንም አየ። ገባው። ሁሉም ነገር ገባው፤ ስምንት ወር ዘግይቶ።

አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ። ሰፊዋ አፏ እምቢ ቢልም፣ ና በል፣ ና፣ ቃል ሳትጠይቀኝ ና እያለች በልቧ ለመነችው።

«ቁልፍህን እንካ» አለች ፋርማሲስቷ። ሕጉን ዛሬ ነው የተማረችው፤ ሮኬት ከተነሳ በኋላ ቁልፉ ተነቅሎ ለባለቤቱ ይመለሳል። መዳፉን ይዛ ቁልፏን አስቀመጠችለት፣ ጣቶቹንም አንድ በአንድ አጠፈችለት። እሱ የታጠፈውን እጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አብሯት ሮኬቷን ሊያነሳ ሄደ።

«ቀጣይ!» አሉ ቆጣሪው።

የጥርስ ሐኪሙ ሮኬቱን አቅፎ ጠረጴዛው ጋ ደረሰ። «የእኔ ተራ ነው» አለ። «የእሳት ወረቀት አለሽ?»

ሰፊዋ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ወረቀቱ እዚያው ነው፤ ዳሩ ሲነኩት ይፈረካከሳል፣ መሀሉ ግን ጠንካራ ነው። በመዳፏ ጨብጣ ያዘችው።

«አልቋል» አለች።

ሐኪሙ «እንዴ፣ አሁን ጠዋት...» ብሎ ጀመረና ፊቷን ሲያይ ተወው። ባርኔጣውን ዝቅ አድርጋ ዓይኗን ሸፈነች። ልቅሶዋ ያኔ መጣ።